240,000 ኪሎ ሜትር በሄደ መኪና ላይ ከየትኛው ዕቃ ልጀምር?

ጥያቄ

በቅርቡ 240,000 ኪሎ ሜትር የተጓዘ፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር የቤት መኪና ገዝቻለሁ። ሞተሩ በቀላሉ ይነሣል፤ ጭስም አይታይበትም። ይሁን እንጂ የቀድሞው ባለንብረት ምን ምን እንዳስቀየረ የሚያሳይ መዝገብ የለውም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመቀየር አቅሜ ስለማይፈቅድ፣ ይህን ያህል መንገድ በሄደ መኪና ላይ በብዛት የሚያልቁት ዕቃዎች የትኞቹ እንደሆኑና በምን ቅደም ተከተል ብመለከታቸው እንደሚሻል ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ቅደም ተከተል ለማውጣት የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ ዕቃው ድንገት ቢበላሽ ከራሱ ሌላ ምን ይዞ ይሄዳል? በዚህ መለኪያ ከሁሉ የሚቀድመው የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስቶኖቹ እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ ነው። አምራቾች እንደ ሞተሩ ዓይነት በአብዛኛው ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት፣ መኪናው ብዙም ባይነዳ እንኳ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ፣ እንዲቀየር ያዝዛሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ፒስቶኖቹ ክፍት ከቀሩት ቫልቮች ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መፈታቱ አይቀርም። መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። የውሃ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ፓምፑንም መወጠሪያውንም አብረው ያስቀይሩ፤ ያለዚያ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ይከፍላሉ። ሞተርዎ በቺንጋ ፈንታ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ያለው ከሆነ ደግሞ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ መኖሩን ያዳምጡ።

ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ክፍል ይመጣል። ያረጀ የራዲያተር ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ወይ ከልክ በላይ ይለሰልሳል ወይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ጫፉ ያበጠ ከሆነ ቀን አይስጡት። የማቀዝቀዣ ውሃውን መተላለፊያ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ይግላል፣ ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል። የአሉሚኒየም ቴስታ ክፉኛ ከጋለ ሊጣመም ስለሚችል፣ ሳይለካና ሳይስተካከል ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ (ጋርኒሲዮን) ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

መልስ 2

ስለ ሞተሩ የተባለው ትክክል ነው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ሞተር ሲቆም ብዙውን ጊዜ መንገድ ዳር ወጥቶ መቆም ይቻላል፤ የመሪ ቴስቲኒ (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ሲወልቅ ግን ጎማው ለመሪው መታዘዙን ያቆማል። ስለዚህ እግሩ (ጎማውን የሚይዙትና የሚመሩት ክፍሎች) እና ፍሬኑ ይቅደሙ፤ ደግሞም ምርመራው ብዙ ወጪ የለውም። መኪናውን በክሪክ አንሥተው በአስተማማኝ መደገፊያ ላይ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁት፤ ክፍተት ከተሰማዎት ጎማው እንዲዞር የሚያስችለው ኩሽኔታ ወይም የእግሩ ሉላዊ መጋጠሚያ (ቦል ጆይንት) አልቋል። ግራና ቀኝ ሲይዙት ብቻ ከተነቃነቀ ወደ መሪ ቴስቲኒው ይሂዱ። በፍጥነት ሲነዱ የሚያጉረመርምና ወደ አንድ ጎን ሲታጠፉ የሚለወጥ ድምፅ በአብዛኛው የኩሽኔታ ነው፤ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲነዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ የሴሚያሱን (ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) መገጣጠሚያ ይጠርጥሩ።

የፍሬን ሸራ ሁሉም ያያል፤ የሚረሱት የፍሬን ዘይቱና ዘይቱን የሚያደርሱት የላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ መፍያ ነጥቡ ይወርዳል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እግር ስር የሚለሰልሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሞተሩ ቺንጋ ያለው መሆኑን አረጋግጫለሁ። ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮንና ባትሪ የሚሞላው ዲናሞስ? ደግሞስ የመኪናውን መወዛወዝ የሚገቱት ሾክ አብዞርበሮች ዘይት ባያፈሱም ይቀየሩ?

መልስ 3

እነዚህ ሦስቱ በአብዛኛው አስቀድመው ምልክት የሚሰጡ ስለሆኑ ሊጠብቁ ይችላሉ። በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጡ ነዳጅ ረግጠው የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ዲናሞውን በቮልት መለኪያ ይፈትሹት፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ በብዙ መኪኖች ላይ ደኅና ነው ማለት ነው። ሾክ አብዞርበር ሳያፈስም ሊደክም ይችላል፤ የጎማው ጥርስ በየቦታው ተቆርጦ የተበላ ከመሰለ ወይም መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥንዱን በአንድ ላይ ይቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻ አይፍረዱ። በረጅም መንገድ ላይ የተጠራቀመ 240,000 ሞተሩን ሞቆ ያገለገለበት ነው፤ በከተማ ውስጥ በአጭር በአጭሩ የተጠራቀመው ግን ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) እና ፍሬን ይጨርሳል። ፒስቶንና ፋሻን (የፒስቶን ቀለበትን) በተመለከተ፣ ሰማያዊ ጭስ ከሌለና ዘይት የማይጎድል ከሆነ መካኒኩ የኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚታመቀው አየር ግፊት) ልኬት ይውሰድልዎት፤ የሲሊንደሮቹ ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ አምራቹ ካስቀመጠው ወሰን ካልወረደ ሞተሩን የሚያስፈታ ምክንያት የለም።