የተማሪዎች ጓሮ ክረምት ሲገባ ለማን ይተዋል?

የሦስተኛ_ዓመቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደጋ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከካፌው ጀርባ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ቦታ አስፈቅደን ከክበባችን ልጆች ጋር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ እናለማለን። ዩሪያም ሆነ ፀረ ተባይ ኬሚካል አንጠቀምም። አሁን ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወርሮታል፤ ቅጠሉ ሲገለበጥ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ከሱ የባሰው ግን ክረምቱ ነው። ሰኔ መጨረሻ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን፣ አምና ስንመለስ አረሙ ወገብ ደርሶ ነበር። አስተዳደሩ ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ፈልጎታል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩን።

ጎመን_በጤና፦
እህቴ፣ ተማሪ እያለሁ የግቢያችንን ጓሮ አስተባብር ነበር፤ ዛሬ ወረዳ ላይ የግብርና ባለሙያ ነኝ።

ዱቄት የመሰለሽ ራሱ ክሽክሹ ነው። ክፉኛ የተያዘውን ቅጠል ቆርጣችሁ ከጓሮው አውጡት። ለቀረው ተራ የባር ሳሙና ፍቃችሁ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል አሟሙና ፀሐይ ስትበርድ ከቅጠሉ ሥር እርጩ፤ ከላይ ብቻ ከሆነ ከንቱ ድካም ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላልና አይሆንም። ፍግ አብዝታችሁ ከሆነም ቀንሱ፤ ናይትሮጂን የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ክሽክሽ ይጠራል። ሰላጣና ካሮት ደግሞ በጥሬው ስለሚበሉ እርጥብ ፍግ አይንካቸው፣ ኮምፖስት ይሁን። የካፌውን የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ከደረቅ ሣር ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩ፤ ሥጋና ዘይት አይግባበት። ክምሩ መሃል ዱላ ሰክታችሁ ከቀናት በኋላ ንቀሉት። ትኩስና እርጥብ ሆኖ ከወጣ እየበሰለ ነው፣ ደርቆ ከወጣ ውሃ ይፈልጋል፣ ቀዝቅዞ ከከረፋ አየር አጥቷልና ገልብጡት።

ወደ ክረምቱ ልምጣ። ግቢው እኮ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ አይሆንም! የክረምት ተማሪዎች ይገባሉ፣ ብዙዎቹም ከገጠር ትምህርት ቤት የሚመጡ መምህራን ናቸው። ከከተማ ልጆች ይበልጥ መሬት ያውቃሉ። የእኛን ጓሮ ያተረፉት እነሱና የግቢው ጥበቃዎች ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት መደብ መደቡን በስም አካፍሏቸው፤ የካፌ እናቶችንም አትርሱ። ሰኔ ላይ ባቄላ ዝሩበት። ናይትሮጂን ለአፈሩ ይሰጣል፣ እናንተም ስትመለሱ እሸት ይደርሳል። ጥቁር አፈር ከሆነ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጉት።

የሳንታ_ክሩዝ_ልጅ፦
ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት። እዚህ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዛዊው አትክልተኛ አላን ቻድዊክ በ1967 እ.ኤ.አ. ከተማሪዎች ጋር ተዳፋት ላይ በእጅ መሣሪያ ቆፍሮ የጀመረው ጓሮ እስካሁን አለ፣ በስሙም ይጠራል። የቆየው ሞቅታው ላይ ስላልቆመ ነው፤ ከመደበኛ ተማሪዎቹ ሌላ እዚህ ትምህርት የሚዘጋበትን በጋ እዚያው እየሠሩ የሚማሩ ሠልጣኞች ነበሩት። ጎመን በጤና ያለችው ልክ ነው፤ ጓሮ በትምህርት ካላንደር አይኖርም።

የሦስተኛ_ዓመቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክረምት ተማሪዎቹን ማንም አላሰበም ነበር። ግን ምርቱን ይዘውት ቢሄዱስ? አንዳንድ የክበባችን ልጆች ገና ካሁኑ እያጉረመረሙ ነው።

ጎመን_በጤና፦
ይውሰዱት እንጂ! በዝናብ የኮተኮተ ሰው ጎመኑን ቢበላ ምን ይጎድልባችኋል? ለእናንተ የሚቀረው ያልተራቆተ አፈር ነው፣ እሱ ደግሞ ከጎመኑ ይበልጣል። ልጆቹ ካጉረመረሙ አንድ ሁለት መደብ ለክበቡ ለይታችሁ በወረቀት ተፈራረሙ።

ለአስተዳደሩም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩትን የኮምፖስት ሥራ ውጤት አንብባችሁ ቦታው እንዳይወሰድባችሁ በምትጽፉት ደብዳቤ አስገቡት። የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488/1998 ዓ.ም. መኖሩንም ጥቀሱ፤ «ኦርጋኒክ» ብላችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ ለራሳችሁም ያስፈልጋችኋል። ደብዳቤው ላይ የክረምት ተማሪዎቹ ተወካይና የጥበቃ ኃላፊው አብረው ይፈርሙ። ከሰኔ በፊት ይግባ፤ ፈተና ከጀመረ ማንንም አታገኙም።