አስቸኳይ፦ የዶስ ላፕቶፕ በሜሞሪ ካርድ አልነሳ አለኝ

የአራት ኪሎ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የአባቴ 486 ላፕቶፕ (በዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሲስተም የሚሠራ የድሮ ኮምፒውተር) ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነው። የአባላቱ ስምና ክፍያ እዚያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፣ በድሮ የአማርኛ ፕሮግራም። እሁድ ስብሰባ ስላለ ዝርዝሩ መታተም አለበት። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ በአዳፕተር ሜሞሪ ካርድ ገጠምኩ። ካርዱን በአዲሱ ላፕቶፔ ፎርማት አድርጌ ዶስ ገልብጬበታለሁ። ስከፍተው «ሚሲንግ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» ይልና ቀጥ ይላል። ምን ላድርግ?

ብየዳ
ኤፍዲስክ ስላሽ ኤምቢአር በዪው፣ የካርዱን የማስነሻ መዝገብ (ኤምቢአር) ያድስልሻል። በቃ።

አንጋፋው
ልጄ፣ መጀመሪያ የገዛሽውን ዕቃ እወቂው። ሜሞሪ ካርድ ሁሉ አንድ አይደለም። ኮምፓክት ፍላሽ በፈረንጆቹ 1994 ሲወጣ ጀምሮ የአይዲኢን፣ ማለትም የድሮ ሃርድ ዲስኮችን፣ ቋንቋ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ አዳፕተሩ ሽቦ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኤስዲ ግን አይናገርም፣ መሃል ላይ የሚያስተረጉም ቺፕ ያስፈልገዋል። ቺፑ ደካማ ከሆነ ካርዱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ደግሞ የላፕቶፕ ሶኬት 44 ፒን ነው፣ ኤሌክትሪኩም በዚያው ይመጣል። የዴስክቶፑ 40 ፒን ነው፣ ኤሌክትሪክ በሌላ ገመድ ነው የሚያገኘው። 44ቱን አዙረሽ ከሰካሽ ካርዱን ልታቃጥዪው ትችያለሽ። ፒን 1 የቱ ጋ እንደሆነ አይተሻል? እኛ በዚያ ዘመን አንድ ገመድ ከመስካታችን በፊት...

ሚኪ ዘካዛንቺስ
486? ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ አንቱ በሉት እንጂ!

ሄኖክ_ሃርድዌር
እህቴ፣ ካርዱ ስንት ጊጋ ነው? ኤስዲ ነው ኮምፓክት ፍላሽ? ዶሱስ ስንት ቁጥር ነው? ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ካርዱን ስንት ሜጋ ብሎ ያሳያል?

የአራት ኪሎ ልጅ
ኤስዲ፣ 16 ጊጋ። ዶስ 6.22። ባዮሱ 504 ይላል። ፒን 1ን አይቻለሁ፣ ልክ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ እየጀመርኩ ነው።

ብየዳ
ኤፍዲስክ ስላሽ ኤምቢአር አልኩ እኮ።

ሰላም_ኮድ
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ለምን ላፕቶፑ ላይ ትደክሚያለሽ? ፋይሉን አውጪና አዲሱ ኮምፒውተር ላይ በዎርድ ክፈቺው።

የአራት ኪሎ ልጅ
ሞክሬዋለሁ ሰላምዬ። የሚታየው ቅርጽ አልባ ምልክት ብቻ ነው።

አንጋፋው
አዎ፣ አይከፈትም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር አሰጣጥ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። ፕሮግራሙ ከሌለ ፋይሉ አይነበብም።

ሰላም_ኮድ
እሺ፣ ታዲያ ፕሮግራሙን ከነፎንት ፋይሎቹ ገልብጣ በዶስቦክስ (የዶስ ፕሮግራሞችን አዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ትክፈተው። አሁንም ላፕቶፑ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ሄኖክ_ሃርድዌር
ሁላችሁም ቆዩ። ልጅቷ ያለባት ችግር ሁለት ነው፣ አንዱ ሌላውን መቅደም አለበት።

በመጀመሪያ ያንን ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ እባክሽ ደጋግመሽ አታስነሺው። በተነሳ ቁጥር እየባሰበት ነው። 44 ፒን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ፈልጊና በሊኑክስ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ሙሉ ለሙሉ ቅጂው። ዲዲሬስኪው መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ያወጣል፣ እምቢ ያለውን በኋላ ይመለስበታል። ፋይል በፋይል መገልበጥ አሁን አይሆንም። የእድሩ መዝገብ ከዳነ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ቀጥሎ ካርዱ። በአዲሱ ላፕቶፕ ፎርማት ያደረግሽው በፋት32 (ፋይል በዲስክ ላይ የሚደረደርበት ዓይነት ነው) ይመስለኛል። ዶስ 6.22 ፋት32 አያውቅም፤ የሚያውቀው ፋት16 ነው፣ እሱም በአንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) እስከ 2 ጊጋ። ባዮስሽ ደግሞ የዲስክ ቦታ ሲቆጥር 1024 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር ላይ ይቆማል። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሆነ ሲባዛ 504 ሜጋ ነው፣ ያየሽው ቁጥር ከዚያ ነው የመጣው። አዲሱ ኮምፒውተር ግን ካርዱን በ255 ሄድ ቆጥሮ ከፋፍሎታል። ላፕቶፑ በ16 ሲፈልግ ዶስን ያስቀመጥሽበት ቦታ ላይ አያገኘውም።

ስለዚህ ካርዱ መከፋፈል ያለበት ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለ ነው። በዶስ ፍሎፒ አስነሺ። ኤፍዲስክ ግቢ፣ ያለውን ፓርቲሽን አጥፊ፣ አዲስ ፍጠሪ፣ አክቲቭ (ማስነሻ) አድርጊው። አክቲቭ ማድረግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሪስታርት አድርጊና «ፎርማት ሲ፡ ስላሽ ኤስ» በዪ። ስላሽ ኤሱ ነው ዶስን የሚነሳ የሚያደርገው፤ ፋይሎቹን በኮፒ ብቻ ማስገባት አይበቃም። ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልተነሳ ያኔ ብየዳ ያለው ትክክል ነው፣ ኤምቢአሩን አድሺው።

ሰላም_ኮድ ያለውም ለእሁድ ይጠቅምሻል። ቅጂው ካለቀ በዶስቦክስ ዝርዝሩን ለማየት ሞክሪ። ላፕቶፑ በኋላም ይደርሳል።

ብየዳ
አላልኳችሁም?

ሚኪ ዘካዛንቺስ
ኤስዲው ካስቸገረሽ የድሮ ፎቶ አንሺዎችን ጠይቂ። የድሮ ዲጂታል ካሜራቸው ብዙ ጊዜ በኮምፓክት ፍላሽ ነበር የሚሠራው። አጎቴ መሳቢያ ሙሉ አለው፣ ትንንሽ ጊጋ ስለሆነ ማንም አይፈልገውም።

የአራት ኪሎ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ሄኖክ፣ ሃርድ ዲስኩን ከእንግዲህ አላስነሳውም። ችግሩ የላፕቶፑ ፍሎፒ ይሠራል፣ የዶስ ፍሎፒ ግን የለኝም። አዲሱ ላፕቶፔ ደግሞ ፍሎፒ መክተቻ የለውም። ገመዱንስ ዛሬ የት አገኛለሁ?

ሄኖክ_ሃርድዌር
የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭም ገመዱም እኔ ጋ አሉ። ዶስ 6.22ንም በፍሎፒ እጽፍልሻለሁ። ነገ ከሰዓት ስታዲየም አካባቢ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ሰዓት ንገሪኝ። ሃርድ ዲስኩን በስፖንጅ ጠቅልለሽ ይዘሽው ነይ።