በአንድ ክፍል 120 ሰው፣ እከኩ በየወሩ ይመለሳል፤ የት ላይ ነው የምንሳሳተው?

ዞን ክሊኒክ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የአንድ ማረሚያ ቤት ነው። በአንድ ክፍል 120 ታራሚ ያድራል። ተደራራቢ አልጋው ስለማይበቃ ብዙዎቹ ወለል ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ብርድ ልብስ ለሁለት የሚጋሩም አሉ። እከክ ይዞት ለሚመጣ ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት የተባለው የእከክ ቅባት) ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል፣ ከወር በኋላ እሱም ጎረቤቱም ተያይዘው ይመጣሉ። አሁን የጥበቃ አባላትም ላይ ታይቷል፤ ለፍተሻ መግባት የሚፈሩ አሉ። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚመጣው፣ ማጠራቀሚያው አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ነው። ከአስተዳደር በኩል "ክፍሉ በተባይ ማጥፊያ ይረጭ" የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ይሻላል?

የቆዳ ነርስ

ስህተቱ ክሊኒክ የመጣውን ብቻ ማከሙ ላይ ነው። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ምንም ሳይሰማው ያስተላልፋል። ከዚህ በፊት ይዞት የሚያውቅ ግን ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ያሳክከዋል። እከኩ በየወሩ የሚመለስባችሁ በዚህ ምክንያት ነው፦ የታከመው ሰው ተመልሶ የሚተኛው ገና ካላወቀው በሽተኛ ጎን ነው።

ስለዚህ 120ውም፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ በአንድ ሌሊት ይታከማሉ። መድኃኒቱ ፐርሜትሪን 5% ቅባት ከሆነ ለአንድ አዋቂ በአንድ ዙር 30 ግራም ያዙ። ለ120 ሰው 3.6 ኪሎ ነው፤ ከ7 ቀን በኋላ ያለው ሁለተኛ ዙር ሲጨመር 7.2 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 30 ግራም 240 ቱቦ። የጥበቃው ለብቻ ይታሰብ። ሁለቱም ዙር እጃችሁ ሳይገባ የመጀመሪያውን አትጀምሩ፤ ግማሹን አክሞ ግማሹን ማቆየት መድኃኒቱን መጣል ነው።

ለዚህ ዓይነት ክፍል የሚቀለው ግን አይቨርሜክቲን ነው፣ ለኦንኮ (ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት በሽታ) የሚታደለው የሚዋጥ ፍሬ። መጠኑ በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ባለ 3 ሚሊ ግራም 4 ፍሬ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። ሲውጥ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ቅባትን ማን በትክክል እንደተቀባ ማረጋገጥ ከባድ ነው። ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ግን አይሰጥም። በሴቶች ዞን ከእናቶቻቸው ጋር ያሉ ሕፃናት ስላሉ ፐርሜትሪን ወይም የሰልፈር ቅባት አስቀድማችሁ አስመጡ፤ ሕፃናት ጭንቅላታቸውም ጭምር ይቀባል።

አቀባቡ፦ መጀመሪያ ጥፍር ይቆረጥ። ከአንገት እስከ ውስጥ እግር፣ በጣቶች መካከል፣ አንጓ፣ እምብርት፣ መቀመጫ፣ ብልት፣ ጥፍር ሥር። ጀርባን ጓደኛ ይቀባ። ፐርሜትሪን ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፤ በመሀል እጁን የታጠበ እጁን እንደገና ይቀባል፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይህ ነው። ቢቢኤል የተቧጨረ ቆዳን ስለሚያቃጥል ብዙዎች ሳይጨርሱ ያጥቡታል።

ከዘመቻው በፊት እያንዳንዱን ሰው በቀን ብርሃን እዩ። የምትፈልጉት ቅርፊት የሠራ እከክ ነው፣ በተለይ አቅሙ በደከመ ወይም ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ። በተራ በሽተኛ ላይ ያሉት የእከክ ተባዮች ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ላይ ግን ብዙ ሺህ ናቸው፣ ማሳከኩም ቀላል ሊሆን ስለሚችል ራሱ አይመጣም። እሱ ሳይታይ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ለብቻው ይተኛ፣ ቅባቱና ፍሬው አብረው ደጋግመው ይሰጡት።

ውሃና ንጽሕና

ክፍሉን አታስረጩ። ተባዩ ከሰው ቆዳ ከወጣ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይሞታል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚረጭ መርዝ የሚጎዳው አስም ያለበትን ታራሚ ነው፤ ገንዘቡ ለመድኃኒቱ ይዋል።

ባለፉት 3 ቀናት የተለበሰ ልብስና አንሶላ ይቀቀል። ብርድ ልብስ ግን አትጠቡ፣ ውሃችሁን ይጨርስባችኋል። በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ቋጥሮ ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል 7 ቀን ማቆየት ይበቃል። ለእነዚያ ሌሊቶች መተኪያ ብርድ ልብስ ከመጋዘን መጠየቅ ግድ ነው። ሰው በብርድ ተኮራምቶ አንድ ላይ ካደረ ዘመቻው እዚያው ይከሽፋል።

ውሃውን እናስላ። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢባል ለ120 ሰው 1,800 ሊትር ነው፤ ሮቷችሁ ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የቅባቱ ሌሊት ውሃ የሚመጣበት ቀን ዋዜማ ይሁን፤ ገላና ልብስ ማጠቡ በማግስቱ ይውላል። በመደበኛው ቀን ሽንት ቤቱንም ቁጠሩ፦ በቀይ መስቀል መለኪያ አንድ ለ25 ሰው ነው፣ ለእናንተ ክፍል 5 ያስፈልጋል።

ሮቶ ውስጥ የሚቆይ ውሃ ክሎሪን ይፈልጋል (ለእከኩ ሳይሆን ለተቅማጡ)። ከ65–70% የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጥ፤ ያንን 1 ሊትር 5,000 ሊትሩ ውስጥ ጨምሩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲለካ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን መገኘት አለበት። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚበላው መጀመሪያ ይጥለል።

የጥበቃ ፈረቃ

የበር መዝጊያ ሰዓቱ ራሱ ይረዳችኋል። ቅባቱ ከማታው ቆጠራ በፊት ተቀብቶ ቢያልቅና በሩ ከቀኑ 11 ሰዓት ተዘግቶ ጠዋት 12 ሰዓት ቢከፈት 13 ሰዓት ነው፣ ልክ የሚፈለገው። ዝርዝሩን ከቆጠራ መዝገቡ ጋር አመሳክሩ፤ በዚያ ቀን ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል የነበረ ሰው ሲመለስ ሳይታከም ክፍሉ እንዳይገባ። አዲስ ገቢም እንዲሁ።

አባላቱ ስለ ፍተሻ ይረጋጉ። እከክ የሚተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ ነው፤ የአጭር ጊዜ ፍተሻ በረጅም እጅጌና በጓንት አያስፈራም፣ ቅርፊት የሠራ እከክ ካለበት ሰው በስተቀር። ጥበቃው ላይ የሚተላለፈው ይበልጥ ማደሪያው ውስጥ ነው፦ አንዱ ከፈረቃ ሲወጣ ሌላው በሞቀው አልጋና ብርድ ልብስ ይገባል። ስለዚህ ማደሪያው በዚያው ሌሊት ይታከም፤ ቤተሰብ ያለውም ለቤተሰቡ መድኃኒት ይዞ ይሂድ። አባሉን ትቶ ታራሚውን ብቻ ማከም አባሉንም ታራሚውንም መበደል ነው።

የሕግ ክፍል

ለግዢ ደብዳቤው የሚጠቅም፦ የማንዴላ ደንቦች (የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ መስፈርቶች) ቁጥር 24 ታራሚ በኅብረተሰቡ ውስጥ ካለው ጋር እኩል የሆነ ሕክምና በነጻ ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ቁጥር 30 አዲስ ገቢ በተቻለ ፍጥነት በጤና ባለሙያ እንዲታይ ያዛል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 (የታሰሩ ሰዎች መብት) ከእነዚህ አስቀድሙ። የታማሚዎች ዝርዝርም በር ላይ አይለጠፍ።

ዞን ክሊኒክ (ጠያቂ)

በጣም እናመሰግናለን። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አሁንም ያሳክከኛል የሚል ቢመጣስ? እንደገና ይቀባ?

የቆዳ ነርስ

ቶሎ አትቀቡት። ተባዩ ከሞተም በኋላ ቆዳው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያሳክካል፤ የማሳከክ ማስታገሻ ይበቃዋል። ከ4 ሳምንት አልፎ አዲስ ሽፍታ በጣቶቹ መካከል ከወጣ ግን እንደገና ተይዟል፣ ከማን ጎን እንደሚተኛ ጠይቁ። መግል የቋጠረውን በወቅቱ አክሙ። ጠዋት ፊቱ የሚያብጥ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ካለ ኩላሊቱ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይላክ።