ከጄኔራል በላይ ማን አለ? የአባቴ ሶስት ኮከብ ያመጣው ጥያቄ

የሻምበል ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሳሎናችን ውስጥ የአባቴ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል። የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ብብቱ ስር ይዞ፣ ትከሻው ላይ በየጎኑ ሶስት ሶስት ኮከብ አለው። ባለፈው ቅዳሜ የ11 ዓመት ልጄ ፎቶውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «አያቴ ባለ ሶስት ኮከብ ጄኔራል ነበር እንዴ?» አለኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ ሻምበል ነበር። ይሄንኑ ብነግረው «እዚህ አገር ሶስት ኮከብ ሌተናል ጄኔራል ነው» ብሎ ሙጭጭ አለ። እኔም ማስረዳት አቃተኝ። ከዚያ ጥያቄው ጥያቄ እየወለደ ሄደ፦ ከጄኔራል በላይ ምን አለ? እኛ አገር ፊልድ ማርሻል የሆነ ሰው ማነው? ሌተናል ጄኔራልስ ለምን ከሜጀር ጄኔራል ይበልጣል? የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ለልጄ በትክክል ልንገረው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። እኔም መቶ አለቃ ሆኜ ነው የወጣሁት። በእኛ ሠራዊት ምክትል መቶ አለቃ አንድ ኮከብ፣ መቶ አለቃ ሁለት፣ ሻምበል ሶስት ነው። የእንግሊዝ ሠራዊትም ለካፒቴን ሶስት ነው የሚያደርገው። አሜሪካኖቹ ግን ለሻምበል ኮከብ አይሰጡም፣ ሁለት ዘንግ ነው የሚያደርጉለት፣ ኮከብ የሚጀምረው ከብርጋዴር ጄኔራል ነው። ልጅሽ የቆጠረው በአሜሪካ ቆጠራ ስለሆነ አልተሳሳተም፣ ፎቶው ግን የእኛ ነው።

ሻምበል ማለት የሰውየው ማዕረግም ነው፣ የሚያዘው ጦርም ስም ነው። ሻለቃም እንደዛው። መቶው ሲደመር ሻምበል፣ ሻምበሎች ሲደመሩ ሻለቃ፣ ከዚያ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር፣ ኮር፣ ዕዝ እያለ ይወጣል። ሻምበል አዛዥ ከመቶ የሚበልጥ ሰው በስሙ እየጠራ የሚያዝ መኮንን ነው። ጄኔራል ወታደሩን በቁጥር ነው የሚያውቀው፣ ሻምበል ግን ማን ምን ዓይነት ጫማ እንደጠበበው ያውቃል። አባትሽን ለልጅሽ ስትነግሪው ይሄን አትርሺ።

ሌተናል ጄኔራልን በተመለከተ፣ «ሌተናል» ማለት ምክትል፣ እንደራሴ ማለት ነው። ሌተናል ጄኔራል የጄኔራሉ ምክትል ነበር። ሜጀር ጄኔራሉ ደግሞ ድሮ አውሮፓ ውስጥ «ሳርጀንት ሜጀር ጄኔራል» ይባል ነበር፣ ሦስተኛው ሰው ማለት ነው። በኋላ «ሳርጀንት» የምትለው ቃል ወደቀች። ለዚህ ነው ሻለቃ (ሜጀር) ከመቶ አለቃ (ሌተናል) እየበለጠ፣ ሌተናል ጄኔራል ከሜጀር ጄኔራል የሚበልጠው።

የመርካቶ ልጅ፦
የፊልድ ማርሻሉን እኔ ልመልስ። ከጄኔራል በላይ ያለው እሱ ነው፣ በእኛ አገር የመጨረሻው ማዕረግ ነው። ጃንሆይ ራሳቸው የፊልድ ማርሻል ማዕረግ ነበራቸው፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1965 የክብር ፊልድ ማርሻልነት ሰጥተዋቸዋል። ያ ግን የንጉሥ ማዕረግ ነው፣ ከታች ተነስቶ እየተሾመ የወጣ መኮንን አይደለም። ከንጉሡ ውጪ እዚያ የደረሰው ብርሃኑ ጁላ ነው። በ2014 የገና ሰሞን፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ነው የተሾመው። ቤታችን ቡና እየተፈላ ዜናው ሲነገር አያቴ «ማርሻል የሚባለው የጃንሆይ አልነበር?» ብላ መገረሟን አልረሳውም።

ጣና ማዶ፦
ሁላችሁም ማዕረግ ትላላችሁ፣ እኔ ግን ሹመትን አትርሱት እላለሁ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኤታማዦር ሹም ማዕረግ አይደለም፣ ኃላፊነት ነው። ዛሬ አንዱ ይይዘዋል፣ ነገ ሌላው። ማዕረጉ ግን ሰውየው ላይ ይቀራል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ መንግሥቱ ኃይለማርያም አለ። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሌተናል ኮሎኔል ነበር። ሜጀር ጄኔራሉ መርዕድ ንጉሤ ኤታማዦር ሹም ሆነው በእሱ ስር ነበሩ። እስቲ አስቡት፣ ባለ ብዙ ኮከቡ ጄኔራል ለሌተናል ኮሎኔል ሰላምታ ሲሰጥ! በ1981 ግንቦት ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ፣ መርዕድም ሞቱ። ሌሎቹም ከዓመት በኋላ ተረሸኑ። ያን ጊዜ ያለቁት መኮንኖች ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስንት ዓመት የተማረ፣ ስንት ግንባር ያየ ሰው ነው በአንድ ጊዜ የጠፋው።

ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ደግሞ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አሉ። በድሮው ደረጃ ራስ ይቀድማል፣ ከዚያ ደጃዝማች፣ ከዚያ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች ይከተላሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ (አባ መላ) ግን ፊታውራሪ እንደተባሉ የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ ራሶቹ ሁሉ ሲያከብሯቸው፣ በ1919 እዚያው ማዕረግ ላይ እንዳሉ አረፉ።

ከዲሲ፦
የአሜሪካውን ልጨምር፣ ልጅሽ እዚህ ስለሚያድግ ይጠቅመዋል። ፊልድ ማርሻል እዚህ የለም። በእሱ ቦታ አምስት ኮከብ አለ፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በታህሳስ 1944 ነው፣ የእነሱ ባለ አራት ኮከብ ጄኔራሎች ከእንግሊዝ ማርሻሎች በታች እንዳይሆኑ። ጆርጅ ማርሻል፣ ማካርተር፣ አይዘንሃወርና አርኖልድ ያኔ አገኙት፣ ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1950 ተጨመረ። ከባሕር ኃይሎቹ ጋር በድምሩ ዘጠኝ ሰው ነው። ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሞት ባለ አምስት ኮከብ በሕይወት የቀረ የለም፣ ከዚያ ወዲህም ማንም አልተሾመም።

አንድ ታሪክም አለኝ። ሂትለር ስታሊንግራድ ላይ የተከበበውን የጀርመን ጄኔራል ፓውሉስን እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1943 ፊልድ ማርሻል አደረገው። እስከዚያ ድረስ እጁን የሰጠ የጀርመን ፊልድ ማርሻል አልነበረም፣ ስለዚህ ማዕረጉ «ራስህን አጥፋ» የሚል መልእክት ነበር። ፓውሉስ በማግስቱ እጁን ሰጠ።

የሻምበል ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ጡረተኛው፣ የጫማውን ነገር ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ትናንት ማታ አባቴ ጋር አዲስ አበባ ደወልኩና ስፒከር ላይ አድርጌ ልጄን አቀረብኩት። «አያቴ፣ ስንት ሰው ታዝ ነበር?» አለው። አባቴ ትንሽ ዝም አለና «መቶ አርባ ሁለት» አለ። ወዲያው የአንዱን ስም ጠራ፣ ከዚያ የሌላውን፣ ማን ጂጂጋ ላይ እንደቀረ፣ ማን ቤቱ እንደገባ እያለ ቀጠለ። ስልኩ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ልጄም ስለ ኮከቡ ድጋሚ አልጠየቀም፣ ወረቀት አምጥቶ ስሞቹን ሲጽፍ ነበር።