ወደ ትምህርት ቤቱ ውሃ ለመቀጠል፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት

ጸሐፊ፦ ዋናው መስመር 2 ኢንች ነው። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት 2 በ 1 ቲ (ከ2 ኢንቹ መስመር ባለ 1 ኢንች ቅርንጫፍ የሚያወጣ፣ ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) እንገጥማለን፤ ቀጥሎ ጌት ቫልቭ (ውሃውን መክፈቻና መዝጊያ) እና ዩኒየን (ቧንቧው ሳይቆረጥ የሚፈታ መጋጠሚያ)። እስከ እሑድ ጨርሰን ለወረዳው እናስገባ። ደብረ ማርቆስ ወርዶ ዋጋ የሚጠይቅ ማነው?

የወጣቶች ተወካይ፦ እኛ ጋ አንድ ልጅ እሄዳለሁ ብሏል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቲ ለምን? በሳድል ይሁን፣ ቧንቧውን በስተን ቀዳዳው ላይ አቅፎ በሚታሰረው። ቧንቧ መቁረጥ የለም፣ ወጪውም ይቀንሳል።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ የኛ ብረት እዚያ ቦታ ዝጎ ሳስቷል፣ ሳድል አይሸከምም። አምና ወግተን በጎማ ያሰርነውን ሄዳችሁ እዩት። ሥሩ ጭቃ ሆኖ ላሞች ከዚያው ይጠጣሉ። የዛገውን ቆርጠን እናውጣ፣ አዲስ ጥርስ አውጥተን በካናፓ (ውሃ እንዳያሾልክ ጥርሱ ላይ በሚጠመጠመው ቃጫ) እናጥብቀው።

የላይ ሰፈር፦ ዋናውንም ከቲው ወዲያ 1 ኢንች አድርጉት። ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ አይጨምርም ጋሼ። 2 የነበረው 1 ሲሆን የሚያልፍበት አፍ ሩብ ይሆናል። መንገዱ ሲረዝም ቧንቧው ራሱ ግፊቱን ይበላዋል። ታች ሰፈር ምን ሊጠጣ ነው? ጠባቡ ለቅርንጫፉ ብቻ ይሁን።

የመንገድ ዳሯ፦ ቲው የሚገባው እኔ አጥር ሥር ነው። ጌሾዬ አለ። አይቆፈርም።

የወጣቶች ተወካይ፦ 2 ሜትር ከፍ ይበላ።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ከፍ ሲል አለት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለጌሾ ካሳ የሚሆን ብር የለንም።

የመንገድ ዳሯ፦ ካሳ ማን ጠየቀህ? 7 ዓመት ያጠጣሁት ነው። አምና ጓሮዬን ቆፍራችሁ አፈሩን እንኳ የመለሰ የለም።

የወጣቶች ተወካይ፦ እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ጀሪካን ተሸክሞ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው።

የመንገድ ዳሯ፦ ልጄን አታንሳብኝ!

ገንዘብ ያዥ፦ ለ 3 እግር ጌሾ ይህን ያህል?

የመንገድ ዳሯ፦ 5 ነው። መጥተህ ቁጠር።

የታች ሰፈር፦ ይብቃ። ቲው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ይውረድ። መሬቱ የጋራ ነው።

የመንገድ ዳሯ፦ እሱ ይሻላል። ተናድጄ ነው፣ አትቀየሙኝ። የቁፋሮው ቀን ቡናው በኔ ነው።

የታች ሰፈር፦ እዚያ ከወረደ ቦኖም ይውጣለት፣ የከብት ገንዳም። በበጋ ከብት ይዞ ወንዝ መውረድ ሰልችቶናል።

የወጣቶች ተወካይ፦ ትምህርት ቤቱ ጋ ሽቅብ ነው፣ ይደርሳል?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ምንጩ ከሱ በላይ ስለሆነ ይደርሳል። ግን ቧንቧ ይጨምራል፣ ቦኖው ሲከፈትም ውሃው ይቀጥናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ያን ሁሉ ቧንቧ አሁን አንችልም።

ጸሐፊ፦ ዋጋ ሊጠይቅ የነበረው ልጅስ? ስልኩ ዝግ ነው። እኔው ማክሰኞ እወርዳለሁ። መታጠፊያው ላይ ቦኖና ገንዳ ብዬ አስተካክያለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ለሁለተኛ ዙር። ቲው ያው 2 በ 1 ነው?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ለሁለቱ 1 ኢንች ያንሳል። ሦስቱም አፉ 2 ኢንች የሆነ እኩል ቲ ግዛ፣ ቅርንጫፉ ላይ ወደ 1 ተኩል የሚያወርድ ሪዲውሰር ጨምር። ካናፓም አትርሳ።