የፕሬዳተር መጫወቻና «ቀልድ ማንንም አልገደለም» የሚለው ክርክር

ታዛቢ፦
ትናንት ማታ አንድ የቡድናችን አባል በ2012 መጨረሻ ገደማ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አማዞን ላይ በአንድ የልጆች መጫወቻ ሥር የተጻፉ የስላቅ አስተያየቶችን እያነበበ ሲያስቀን ካመሸ በኋላ፣ ቅር ያላቸውን ሰዎች «ምን ታካብዳላችሁ፤ ቀልድ ማንንም አልገደለም» ብሎ ዘጋቸው። መጫወቻው ማይስቶ የተባለው ኩባንያ የአሜሪካ አየር ኃይልን ፕሬዳተር ድሮን 97 ጊዜ አሳንሶ የሠራው ነው፤ ስምንት ሜትር ገደማ የሚረዝመው አውሮፕላን የልጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ጸሐፊዎቹ የረኩ ደንበኞች መስለው ነበር የጻፉት። አንዱ ለምሳሌ የእናቱን ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠልፎ፣ ታናሽ ወንድሙንም ያለ ክስ ቁም ሳጥን ውስጥ አስሮ ለጨረሰ ልጅ የቀረው መጫወቻ ይህ ነው ይላል። እኔም ስቄያለሁ፤ ያናደደኝ መደምደሚያው ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ቀን በፓኪስታኗ ሰሜን ዋዚሪስታን ውስጥ አንዲት አያት ማሳ ላይ ሳሉ በድሮን ሚሳይል ተገድለዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም ቆስለዋል። በተከታዩ ዓመት ቤተሰቡ ዋሽንግተን መጥቶ ሲመሰክር፣ የ13 ዓመቱ ልጅ ድሮኖቹ ሲደምን ስለማይበሩ ጥርት ያለ ሰማይ መውደዱን እንደተወ ተናገረ፤ ሊያዳምጡት የመጡት የምክር ቤት አባላት አምስት ነበሩ። ማንንም ያልገደለው ቀልድ የተቀለደው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው።

ቀልደኛው፦
ወንድሜ ታዛቢ፣ የተናገርኩትን ከነምክንያቱ ቢያቀርቡልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እነዚያ ሰዎች የሳቁት በሟቿ አይደለም፤ በመንግሥታቸው ያለ ክስ ማሰርና ያለ ትእዛዝ መጥለፍ ነው የተሳለቁት። የቀልድ ነገር ከተነሳ ግን፣ ሜይ 1 ቀን 2010 በዋይት ሐውስ ጋዜጠኞች እራት ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ ስለ ሴት ልጆቻቸው ሲያወሩ ጆናስ ብራዘርስ የተባሉትን ወጣት ዘፋኞች በፕሬዳተር ድሮን እንዳስፈራሩና አዳራሹ በሳቅ እንደሞላ እርስዎም አይጠፋዎትም። ተኩስ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው የቀለደውን በዝምታ አልፎ፣ ምንም ሥልጣን የሌለው ገበያተኛ በጻፈው መቆጣት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ነገሩ ዞሮ ዞሮ ኦባማ ላይ እንደሚያርፍ አውቄ ነበር። በኖቬምበር 2002 የመን ውስጥ፣ በ2004 ፓኪስታን ውስጥ ድሮን ሲተኩስ ማን ሥልጣን ላይ እንደነበረ ለምን አይነሳም? በጁላይ 2015 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥ ማንም የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት መሆን የለበትም ብሎ በመሪዎቻችን ፊት የተናገረውን ሰው በአንድ የእራት ቀልድ መመዘን ውለታ ቢስነት ነው።

ወደ መጫወቻው ልመለስና፣ ልጄ ትንሽ ሳለ ይህንኑ የመሰለ ነገር ለልደቱ አምጥተውለት ነበር። ምንጣፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ከጫማ ካርቶን በላይ ሲያዞረው ቆየና በአፉ የፍንዳታ ድምፅ አሰማ። «ውስጡ ማን አለ?» ብዬ ብጠይቀው «ማንም የለም፣ ጫማ ነው» አለኝ። ልጅ የአማዞንን ስላቅ አያነብም፤ እናንተ የምትከራከሩበት ቀልድ እሱ ዘንድ አልደረሰም።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ዋዚሪስታንና ስለ ዋሽንግተን ስትጽፉ የእኛን ከተማ ረስታችሁታል። ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት የአሜሪካ ሪፐር ድሮኖች ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ሶማሊያ ላይ ይበሩ ነበር። ባለሥልጣኖቻቸው መሣሪያ አልታጠቁም፣ ለቅኝት ብቻ ናቸው አሉ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሥራው እዚያ ማብቃቱ ተነገረ። የሠፈራችን ልጆች ያን ጊዜ ማይስቶን አያውቁም፤ ክንፉን ከበቆሎ አገዳ፣ ጎማውን ከቆርኪ ሠርተው፣ ጭራውን ልክ እንዳዩት ወደ ላይ ከፍተው ያበሩት ነበር። ያ ስላቅ ነው ወይስ ምንድን ነው? ቀልደኛው ይህን ቢያስረዱን እወድ ነበር።

ቀልደኛው፦
የፕሬዳተር ጭራ የሚከፈተው ወደ ታች ነው።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦
ሪፐር አልኩ እንጂ ፕሬዳተር አላልኩም። የሪፐር ወደ ላይ ነው።

ታዛቢ፦
ከጭራው በፊት ጥያቄው ይመለስ። «ማንንም አልገደለም» ማለት መለኪያችንን መግደል አለመግደል ብቻ ያደርገዋል፤ በዚህ መለኪያ ከሄድን ማስታወቂያም ማንንም አልገደለም። እነዚያ ሁሉ አስተያየቶች ዓለም ሰምቶት የማያውቀውን መጫወቻ ለማይስቶ አስተዋወቁለት እንጂ ምን አጎደሉበት? ለስላቅ ብሎ የተሠራውን መጫወቻ ለማየት የፈለገ፣ ፖላንዳዊው ሠዓሊ ዝቢግኒየቭ ሊበራ በ1996 ሌጎ በተባለው ኩባንያ የመጫወቻ ጡቦች የሠራውን የማጎሪያ ካምፕ ይመልከት። ሰባት ሣጥኖች ናቸው፤ ሽፋናቸው እውነተኛ የሱቅ ዕቃ ይመስላል። ኩባንያው ራሱ ተቆጥቶበታል፤ ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒትም ያንን ሥራ እንዳያሳይ ሲጠየቅ ራሱን ከትርዒቱ አገለለ። እሱ በሥራው ዋጋ ከፍሏል፤ የአማዞኑ ቀልደኛ ግን ምን ከፈለ? ደግሞም በ2020 ሌጎ ኦስፕሬይ የተባለውን ወታደራዊ አውሮፕላን መጫወቻ ሊሸጥ ሲል፣ የጀርመን የሰላም ማኅበር ባነሣው ተቃውሞ ሳቢያ ነው የሰረዘው። ያስቆመው ተቃውሞ እንጂ ቀልድ አይደለም።

ቀልደኛው፦
መጫወቻው ቆመ፤ እውነተኛው ኦስፕሬይ ግን መብረሩን አላቆመም። የአሜሪካ አየር ኃይልም ፕሬዳተርን በማርች 2018 ከአገልግሎት ያስወጣው ሰልፈኛ ፈርቶ ሳይሆን የበለጠ የሚሸከመው ሪፐር ስለተካው ነው። እንግዲህ ቀልድ ማንንም ካልገደለ ሰልፍም ማንንም አላዳነም ማለት ነው። የሊበራን ሣጥኖች ከሱቅ ዕቃ ጋር እኩል ማስቀመጥዎም ያስገርማል፤ እነሱን ልጅ ነክቷቸው አያውቅም።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
«ሰልፍ ማንንም አላዳነም» የሚለው ንግግር፣ በየዓመቱ ዋይት ሐውስ በር ላይ ለአገራቸው ሲጮኹ ጉሮሯቸው የደረቀውን የዲሲ ወንድሞቻችንን የሚሰድብ መሆኑ ይሰመርልኝ። ለመሆኑ እርስዎ ልጅ አለዎት? መጫወቻውንስ ይገዙለታል?

ቀልደኛው፦
እኔ ያልኩት ስለ መጫወቻ እንጂ ስለ ዲሲ ሰልፈኞች አይደለም፤ እህቴ ነገር አያዙሩ። ልጄን እንዴት እንደማሳድግ ደግሞ የቡድኑ አጀንዳ አይደለም።

ታዛቢ፦
አይገዙለትም ማለት ነው።

ቀልደኛው፦
አልገዛም አላልኩም።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦
የእኔ ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም። የአገዳው ድሮን ስላቅ ነበር ወይስ አልነበረም?