የአንጀት ጤናን መሬታችን በሚያበቅለው መጠበቅ ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ገጠር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነጭ ዱቄት፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ በየቤቱ ገብቷል፤ ጥራጥሬ የሚዘራው ግን እየቀነሰ ነው። የሆድ ድርቀት ያማረረው ሰውም በዛ። አሁን ደግሞ የፕሮባዮቲክ ክኒን፣ ማለትም ለአንጀት ይጠቅማል የተባለ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ክኒን፣ ግዙ የሚሉን መጥተዋል። እውነት ያስፈልገናል?

ነርስ ነኝ፦
ጤነኛ ሰው ክኒኑ አያስፈልገውም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እኛ መፍጨት በማንችለው አሰር፣ ፋይበር በሚባለው ነው። እሱን አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠራሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋናው ምግባቸው ይሄ ነው። ነጭ ዱቄት ፉርሽካው ስለወጣለት ለነሱ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ ይሰጣል።

አራሹ፦
ነርሷ ልክ ናት። እኔ የምጨምረው የመሬቱን ነገር ነው። የጥራጥሬ ሥር ላይ የሚኖሩት ሪዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር እየወሰዱ ለተክሉ ይሰጣሉ፤ ከእህል ጋር እያፈራረቀ የሚዘራ ሰው የማዳበሪያ ወጪው ይቀልለታል። ችግሩ ምርቱ ሲደርስ ጥራጥሬው በሙሉ ገበያ ይወጣና በገንዘቡ ነጭ ዱቄት ይገዛል! ለቤት የሚሆነውን አስቀድማችሁ አስቀሩ። በደንብ ሳይደርቅ ግን አታስቀምጡት፤ ሻጋታ የሚያመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ብትቀቅሉትም አይጠፋም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ስለ ውሃው ማንም አላነሳም እኮ። ልጅ በየጊዜው በሰገራ የተበከለ ውሃ ከጠጣ የአንጀቱ ግድግዳ ይጎዳል፣ ያኔ ጥሩ ምግብ ብታበሉትም ሰውነቱ በደንብ አይወስደውም። ውሃ አፍሉ፣ መጸዳጃ ቤት ይኑር፣ ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ለኔ ከምስሩም ይሄ ይቀድማል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥራጥሬ ሲበሉ ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎችስ ምን ያድርጉ?

ነርስ ነኝ፦
ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉትና በአዲስ ውሃ በደንብ ይቀቅሉት። በትንሹ ጀምረው በሳምንታት ውስጥ ይጨምሩ፣ ውሃም ይጠጡ፤ ብዙዎቹ ይለምዱታል። ሰገራው ላይ ደም ያየ ወይም ያለምክንያት የከሳ ሰው ካለ ግን ምግብ እያቀያየረ አይቆይ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ።